ደቦ የማን ቃል ነው

ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መቱ ገበያ አጠገብ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ላይ አንድ ገበሬ ከአህያው ጭነቱን አውርዶ የጆንያውን አፍ ሲፈታ፣ ከነሽፋኑ የደረቀ በቆሎ ሽታ፣ ያ ትንሽ አቧራ ትንሽ ደግሞ ዝናብ የነካው ገለባ የሚመስለው ሽታ ተነስቶ እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ ገባ። እግሬን ከመርገጫው ላይ አንስቼ ሽታውን ሳብኩት። ከእኔ ቀጥሎ ካለው የሞባይል መጠገኛ ቤት ደግሞ ሬዲዮ ዜና ያነባል፤ «በደቦ ፍርድ ሕይወቱ ያለፈ ወጣት» አለ። ወጣቱ ማን እንደሆነ፣ አገሩም የት እንደሆነ አልያዝኩትም። የያዝኩት ደቦ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሽታውና ቃሉ እኩል ደረሱኝ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ሁለቱ አንድ ነገር ስለነበሩ፣ መቀሴን አስቀምጬ ያን ቀን ቤቱን በጊዜ ዘጋሁ።

ያደግኩት ከሁሩሙ ከተማ በእግር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴ አመዴ በዚያ በክፉው የረሃብ ዘመን ከወሎ በመኪና ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ሲሆን፣ እኔ ሴቷ ልጁና ታናሽ ወንድሜ ሙሄ ግን እዚሁ ተወልደን የወሎን ተራራ በወሬ ብቻ ነው የምናውቀው። ለእኛ አገር ማለት ዘጠኝ ወር የሚዘንብበት፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ጠዋት የሚቀሰቅስበት፣ ረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች የሚታዩበት፣ ቡና ሳይተክሉት ከጫካው ሥር የሚበቅልበት ይኸው አገር ነበር። አባቴ ግን ዛፍ በሌለው ተዳፋት ላይ በሁለት በሬ ሲያርስ ያደገ ሰው በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ ጫካ መጀመሪያ ባየ ጊዜ «እዚህ ሰው የሚያርሰው የቱን ነው?» ብሎ ግራ ገብቶት እንደነበር ይነግረን ነበር።

ደቦ የሚለውን ቃል የተማረበትን ታሪክ ደግሞ እሱ ራሱ ሳይሆን ጎረቤታችን ኦቦ ዲንቂሳ ነበሩ የሚያወሩት። አባቴ በመጣ ሰሞን አፋን ኦሮሞ አይሰማም። እሱ ባደገበት ቀበሌ ሰው ተጠራርቶ አንድ ማሳ የሚያነሳበት ሥራ ጅጌ ነው የሚባለው። ታዲያ አንድ ምሽት ኦቦ ዲንቂሳ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ «ቦሩ ደቦ ቀብና፣ ኮቱ» ይሉታል፤ ነገ ደቦ አለን፣ ና ማለታቸው ነው። አባቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው ዳቦ የሚለውን ብቻ ነው። ከረሃብ አምልጦ የመጣ ሰው ጆሮ ሌላ ምን ሊሰማ ይችላል? በማግስቱ ፊቱን ታጥቦ፣ የነበረችውን አንዲት ነጭ ጋቢ ተከናንቦ፣ እንደ ተጋባዥ ቀስ እያለ ከኦቦ ዲንቂሳ ቤት ደረሰ። እዚያ የጠበቀው ግን ገጀራ የያዘ የወንድ ሰልፍ ነበር። ኦቦ ዲንቂሳ አንዱን ገጀራ አቀበሉት። ከዚያ ወዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? ጋቢውን አጣጥፎ ቡና ዛፍ ላይ ሰቀለና ከሰዉ ጋር ቁጥቋጦ ሲመነጥር ዋለ፤ ዳቦው አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ። ማታ በትልቅ ቅርጫት የቀረበው ግን የተቀቀለ ጉደሬ ሆነ። እሱም እየላጠ እስኪጠግብ በላና ቤቱ ገብቶ ለእናቴ፣ «ዘሀራ፣ የዚህ አገር ዳቦ እንኳ ከአፈር ውስጥ ነው የሚቆፈረው» አላት።

ይህን ወሬ ኦቦ ዲንቂሳ በየደቦው ያወሩት ነበር፤ ባወሩት ቁጥርም ጋቢው ይበልጥ እየነጣ፣ የአባቴም አካሄድ ይበልጥ የደጃዝማች እየመሰለ ይሄድ ነበር። አባቴም ሰው ሲስቅበት አብሮ እየሳቀ «ምን ላድርግ፣ እሱ ሲጠራኝ ከንፈሩ ዳቦ ዳቦ ይል ነበር» ይላል። የሚስቁበት ግን ቀጥሎ የመጣውን ስለሚያውቁ ጭምር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አባቴ ማንንም ሳይጠራ፣ ጥሪ እንደሚያስፈልግም ሳያውቅ፣ እነዚያው ሰዎች ገጀራና መጥረቢያቸውን ይዘው መጥተው ለብቻው ቢሆን ዘመኑን የሚፈጅበትን ጫካ መንጥረው ማሳ አድርገውለት ሄዱ። «ያን ጊዜ ነው ቃሉ የገባኝ» ይል ነበር።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ደቦ የዓመቱ ትልቁ በዓላችን ነበር። በቆሎው ደርቆ ቅጠሉ በነፋስ መንኳኳት ሲጀምር እናቴ ከብዙ ቀን በፊት ገብስ ቆልታ ቀሪቦ ትጠምቃለች፤ ቀሪቦ የማያሰክር መጠጥ በመሆኑ እኛ ልጆችም እንደ ትልቅ ሰው በጣሳ ተሰጥቶን እንደ ትልቅ ሰው አፋችንን በእጃችን ጀርባ እንጠርግ ነበር። የጫካ ማር በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ይሆናል። ጠላ በእኛ ቤት ስለማይገባ ደግሞ የኦቦ ዲንቂሳ ባለቤት አዴ ሎሚ የራሷን እንስራ በጀርባዋ አዝላ መጥታ ከደጃፉ ወዲያ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ የእናቴ ቤት አይረክስም፣ የአዴ ሎሚም ሰው አይጠማም። ሥጋ አይቀርብም ነበር። ማን ይረደው፣ ማን ይብላው የሚል ክርክር እንዳይነሳ ሁሉም ጎመንና ቂጣ፣ ንፍሮና አዋዜ ይበላል። ማንም ይህን ሕግ ያወጣበትን ቀን አያስታውስም።

ወንዶቹ ከማሳው ታችኛው ጫፍ ተሰልፈው ሽቅብ ያጭዳሉ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በአማርኛ የተጀመረው ዜማ መሃል ላይ በኦሮምኛ ይያዝና ማን እንደቀየረው ሳይታወቅ ማሳው ጫፍ ይደርሳል። አንድ ዘወትር ወገቡን የሚያመው ሰው ነበር፤ ሕመሙ የሚለቀው ምግብ ሲመጣ ነው። ሰዉ ይስቅበት እንደሆነ እንጂ ረድፉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች እያካፈሉ ይዘውለት ይሄዳሉ። ማን ብዙ አጨደ፣ ማን ትንሽ አጨደ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም። ይህ ነገር ልጅ ሆኜ የዓለም ሁሉ ደግነት ማደሪያ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ኦቦ ዲንቂሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ሆራ ቡላ! እርቡ፣ ተባዙ፣ ጎተራችሁ አይጉደል» ብለው ሲመርቁ፣ አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል፤ ከዚያ እሱ በተራው ዱዓ ያደርጋል፣ ኦቦ ዲንቂሳም አሜን ይላሉ።

አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት መምህራችን ከእርሻ ቃላት አንድ አንድ መርጣችሁ ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ኑ አለን። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው፤ የኦቦ ዲንቂሳ ልጅ ገለታ ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ሁለታችንም ያለ ምክክር ደቦን መረጥን። ገለታ «የኛ ቃል ነው» አለ። እኔ «ሂድ ወዲያ፣ አባቴም አማርኛ ሲያወራ ደቦ ነው የሚለው፣ የኛ ነው» አልኩት። እሱ ደብተሬን ወረወረ፣ እኔ ፀጉሩን ያዝኩ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ እየተሰዳደብን መጥተን ሁለቱን አባቶቻችንን አጥር ሲያድሱ አገኘናቸውና ፍረዱን አልን።

አባቴ ቆም ብሎ አሰበ። «እኔ እንኳ የሰማሁት ከዚህ ከዲንቂሳ አፍ ነው» አለ። «ያውም በደንብ አልሰማሁትም።»

ኦቦ ዲንቂሳ ሳቁ። «እኔ ከአባቴ ሰማሁ፣ አባቴም ከአባቱ ሰምቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ከየት እንደመጣ እንጃ። በሉ ሁለታችሁም ያን አጠና አቀብሉን።»

አጠናውን ግራና ቀኝ ይዘን አቀበልን፤ ጠባችንም እዚያው ቀረ። በማግስቱ ገለታ ተነስቶ የማን እንደሆነ አይታወቅም ብሎ ለመምህሩ ነገረው፤ መምህሩም ሌላ ቃል አምጣ አለው። ስንት ዓመት በዚያ ስንስቅ ኖረናል።

ሙሄ ወንድሜ ከሁላችንም ይልቅ ደቦ ይወድ ነበር። ድምፁ ገና በልጅነቱ ወፍራም፣ ከጋን ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ነበር፤ ጎረምሳ ሲሆን ዜማ አውራጅነቱን ከሽማግሌዎቹ ተረከበ። የሌላ መንደር ሰው ደቦ ሲኖረው «ያን የአመዴን ልጅ ጥሩልን» እያለ ይልክበት ነበር። ሲያወርድ ከሩቅ የሚሰሙት ሴቶች ቡና ለቀማቸውን አቁመው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። በየዜማው መሃል የሰዉን ስም እያስገባ ያሞግሳል፤ ሰነፉን ያሞግሰዋል፣ ጎበዙን ይዘልፈዋል፣ ሰልፉ በሳቅ ይናጋል። የገለታ የቅርብ ጓደኛም ቀስ በቀስ እኔ ሳልሆን እሱ ሆነ። እኔ አግብቼ መቱ ስገባ፣ ሙሄ ቡናና ማር እየነገደ አንዲት ቀይ ሞተር ገዛ፤ ከሁሩሙ እስከ ኡካ ድረስ በእሷ የማይሄድበት ቦታ አልነበረም። መቱ ሲመጣ ከሱቄ ፊት አቁሟት እየደጋገመ በጨርቅ ይወለውላታል፤ «ሚስት አግባበት እኮ በዚህ ጉልበት» እለው ነበር።

ከዚያ አገሩ የማይገባን ሆነ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው ይባላል። ጎረምሶች መንገድ ላይ እንጨት አጋድመው የሚያልፈውን ያስቆማሉ፤ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ይደርሳል። ነባር፣ መጤ የሚሉ ቃላት፣ ድሮ ስለ ከብት ብቻ የሰማናቸው የሚመስሉኝ ቃላት፣ ስለ ሰው መነገር ጀመሩ። ያም ሆኖ አባቴ በዚያ ዓመትም ደቦ ጠራ፣ ሰውም መጣ፤ ሙሄም አወረደ። እናቴ ግን ያን ዓመት ሰዉ ከበላ በኋላ እንደ ድሮው እንዳልቆየ፣ ምርቃቱም አጠር እንዳለ ነግራኛለች።

በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በአንድ የገበያ ቀን ሁሩሙ አካባቢ ሞተር ተሰረቀ ተባለ። የተሰረቀችውም ቀይ ነበረች። ሙሄ ማር ጭኖ ከሶር ወንዝ በኩል መጥቶ ገበያው መሃል ሲቆም፣ አንድ ሰው «ያውና!» አለ። ያን ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የማውቀው ከስልጤ መጥተው ሁሩሙ ላይ ረጅም ዘመን በነገዱት በጋሽ ሸምሱ አንደበት ነው። ሙሄ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ከኪሱ የሞተሯን ወረቀት አወጣ፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ጠፋ። አንገቱን ሲይዙት ሮጦ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ገባ፤ እሳቸውም የብረት በሩን ከውስጥ ዘጉ። በሩ ሲደበደብ፣ ሙሄ ያ ሁሉ ደቦ በሚያውቀው ድምፁ «የአመዴ ልጅ ነኝ! ሙሄ ነኝ! ታውቁኝ የለም እንዴ?» እያለ በሁለቱም ቋንቋ ይጮህ ነበር።

«ከኋላ ያሉት ላይሰሙ ይችላሉ» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ ዓይኔን ሳያዩ። «በሩን የሚገነጥሉት ግን ሰምተዋል። ድምፁን ያውቁታል።» አንዱ «ሰፋሪ ነው» ሲል ሰምተዋል። ሌላው ደግሞ «ሰፋሪም ይሁን ማንም፣ ሌባ ነው» ሲል ሰምተዋል። ይኸኛው የእኛው መንደር ልጅ፣ አባቱ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና የመጣ ልጅ ነበር። በሩ ተገነጠለ። ጋሽ ሸምሱን ወደ ግድግዳው ገፍትረዋቸው የእጃቸው አጥንት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እኔ መቱ በስልክ ሰምቼ በሚኒባስ ስደርስ ወንድሜን በአንሶላ ጠቅልለውት ነበር። ገበያው ተበትኖ፣ የፈሰሰው ማር ላይ ንብ ሰፍሮበታል። የተሰረቀችዋ ሞተር፣ በኋላ እንደተሰማው፣ ባለቤቱ ለዘመዱ አውሶ የረሳት ነበረች።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ፖሊስ ቃላችንን ሊቀበል መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ተጨንቋል። ስንት ሰው እንደጠየቀ፣ ሁሉም ማን መታው ሲባል «ሰዉ ነው» እያለ እንደመለሰ ነገረን። የተያዙ ነበሩ፤ ምስክር ስላልተገኘ ተለቀቁ። «አባቴ፣ ምን ላድርግ?» አለው ለአባቴ። «ይሄ የደቦ ፍርድ የሚባለው ነው። በደቦ የተሠራ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ አይለይም።»

አባቴ የሰማው አልመሰለኝም ነበር። ግን ቀና አለ። «ምን የሚባለው?»

«የደቦ ፍርድ።»

አባቴ ቃሉን በአፉ ውስጥ ደጋግሞ አላመጠው። «ልጄ» አለው በመጨረሻ፣ «ደቦ ጠሪ አለው። እኔ ስጠራ ሰው ሁሉ አመዴ ጠራን ይላል፤ ክፉም ደግም ቢሆን በእኔ ነው። ይህንን የጠራው ማነው?»

ፖሊሱ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ሐዘኑ ላይ እንዳለን ኦቦ ዲንቂሳ ገለታን አስከትለው መጡ። ሁልጊዜ ከአባቴ ጎን ነበር የሚቀመጡት፤ ያን ቀን ግን ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ገለታ ቆሞ ቀረ። ኦቦ ዲንቂሳ እንዳቀረቀሩ «አመዴ፣ ይሄ ልጅ እዚያ ነበር» አሉ። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው ያመጣሁት። ራሱ ይንገርህ።»

አባቴ ገለታን አየው። በጣሳ ቀሪቦ እየሰጠ ያሳደገው ልጅ ነው።

«መታኸው?»

«ወላሂ… በእግዜር፣ አልመታሁም አባባ አመዴ።» ገለታ የእኛንም የእነሱንም መሐላ ቀላቀለው።

«ድምፁን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ተው አልክ?»

ገለታ ከአባቱ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ኦቦ ዲንቂሳ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። አባቴ አልተቆጣም፣ አላባረራቸውም። «ሻይ ስጧቸው» ብቻ አለ። ሻዩ ቀረበ፤ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ።

በዚያ ዓመት በቆሎው መልካም ነበር፤ የሙሄ እጅ ያለበት የመጨረሻው አዝመራ ነው። ደርቆ ሲንኳኳ አባቴ ማንንም አልጠራም። ሰዎች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም እያሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ጥሩን ማለታቸው ነው፤ እሱ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጠዋት ኦቦ ዲንቂሳ ማጭዳቸውን ይዘው፣ ብቻቸውን፣ በዚያ እርጅናቸው ከማሳው ታችኛው ጫፍ ጀምረው ማጨድ ጀመሩ። እኔ ወላጆቼን ልጠይቅ መጥቼ እዚያው ነበርኩ። አባቴ ወጥቶ ከማሳው ዳር ቆመ።

«ዲንቂሳ፣ ተው። ወደ ቤትህ ግባ።»

«በቆሎው ይበላሻል አመዴ።»

«ይበላሽ።»

«አንተና እኔ እናነሳዋለን፤ ሌላ ሰው አይምጣ። ሁለት ሰው ይበቃል።»

«ሁለት ሰው ደቦ አይሆንም» አለ አባቴ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። «ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲመጣ ማየት ከእንግዲህ አልችልም። ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም። ሂድልኝ።»

ኦቦ ዲንቂሳ ያጨዱትን ጥቂት አገዳ አስተካክለው አጋድመው ሄዱ። በቆሎውን ዝንጀሮ በላው፣ የተረፈውን የማያባራ የኅዳር ዝናብ አበሰበሰው። በሚቀጥሉት ዓመታት አባቴ ከሩቅ የመጡ የቀን ሠራተኞች እየቀጠረ ያሳጭድ ጀመር። በዝምታ ያጭዳሉ፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ስማቸውን የጠየቃቸው የለም። ከዓመት በኋላ ኦቦ ዲንቂሳም እንዲሁ አደረጉ አሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አሁን በዚያ መንደር የሚያድግ ልጅ ደቦ ምንድን ነው ቢባል፣ ሬዲዮኑ ያስተማረውን ትርጉም ነው የሚናገረው። የሚያሳዝነኝም የሚያንገበግበኝም ይህ ነው፤ ሰዎቹ ወንድሜን ብቻ አልገደሉም፣ ስናገረው አፌን የሚጣፍጠኝን ቃል ጭምር ወስደው፣ አቆሽሸው መለሱልኝ። ቃሉ የማን ነው ብዬ የተጣላሁባት ያቺ ቀን ትዝ ስትለኝ፣ ዛሬ ቢሆን እኔም ገለታም የእኔ አይደለም፣ ያንተ ነው ብለን የምንጣላ ይመስለኛል።

አባቴ ያረፈው ሙሄ ከሞተ ጥቂት ክረምት ከርሞ ነው። እናቴ ለማንም አትንገሩ፣ እኛው እንቀብረዋለን ብላ ነበር፤ ማን እንደሚቀብረው ግን አላሰበችም። ፀሐይ ሳትሞቅ ሰዉ መጣ። ሳይጠራ፣ ዶማና አካፋውን ይዞ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የእኛ መንደርም የእነ ኦቦ ዲንቂሳም ሰው። ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ተሸከሙ፣ አፈሩን መለሱ። ከደጃችን ሆኜ ሲሄዱ አየኋቸው፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን ያስገባ ነበር። ሥራ ያውቃሉ። አምላኬ፣ እንዴት አድርገው ሥራ ያውቃሉ!

ሲመለሱ እጃቸውን መታጠብ አለባቸው። ማስታጠብ የቤቱ ወንድ ልጅ ሥራ ነው፤ የቤቱ ወንድ ልጅ የለም። እናቴ አየችኝ፤ ጆጉን አንስቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። በተራ በተራ እየመጡ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ቀይ ጭቃ የያዘ፣ ማረሻና ማጭድ ያሻከረው እጅ። ብዙዎቹን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፤ ጣቱ ጫፉ የተቆረጠውን፣ አውራ ጣቱ ጥፍር የሌለውን። እጅ አይቼ ባለቤቱን መጥራት እችላለሁ። በዚያ በገበያ ቀን የብረቱን በር የገነጠለው የትኛው እንደሆነ፣ በኪስ ውስጥ ተከቶ የቆየው የትኛው እንደሆነ ግን እጅ አይቼ መለየት አልችልም፤ ለሁሉም እኩል አፈሰስኩ። «አላህ ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፤ «አሜን፣ ውለታችሁን ይክፈላችሁ» እላለሁ። ገለታ ተራው ደረሰና ዘረጋ። ፀጉሩ ሸብቷል። ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም ፊቱን አላየሁም፤ ጭቃው ከመዳፉ እስኪለቅ ድረስ አፈሰስኩለት።

ጆጉ ባዶ ሆነ። ገብቼ ሞልቼ ተመለስኩና ለቀጣዩ ሰው «እጅዎን» አልኩ።